የወደቀውን መጠበቅ

በሰፈራችን በመካኒሳ አቦ፣ እሑድ ገና ሲነጋ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ወጣቶች በብስክሌት ይሽቀዳደማሉ። የብዙዎቹ ብስክሌት የተከራዩት ወይም ከታላቅ ወንድም የወረሱት ነው፤ ፍሬን የሌለውም አይጠፋም። ከአቦ አካባቢ ተነሥተው እስከ ጀርመን አደባባይ ይደርሱና ይመለሳሉ።

ባለፈው ጥቅምት ወር ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ሁለቱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ መጡ። አንደኛው የቁምስናችን ልጅ ነው፤ ሁለተኛው የአቦ ደብር ሰንበት ተማሪ ነው፤ በብስክሌት ጉዳይ ግን አንድ ማኅበር ናቸው። የጠባቸው ነገር ይህ ነበር። ወጣቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ለአሸናፊው ሽልማት አዘጋጅተዋል። የደብሩ ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ሳለ ዳገቱ ላይ ሰንሰለቱ (እነርሱ ካቴና ይሉታል) ከጥርሱ ወጣ፤ እግሩ በባዶ ተንሸራቶ ከነብስክሌቱ ወደቀ፤ ጉልበቱም ተላጠ። ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ይከተለው የነበረው የእኛ ልጅ አልፎት ሄደ፤ አሸነፈም። ገንዘቡን በዚያው ቀን ለእናቱ ሰጣት፤ የቤት ኪራይ መክፈያው ቀን ደርሶ ነበርና።

የወደቀው «ነውር ሠርቷል» አለ። ያሸነፈው ደግሞ «አባ፣ የት ተጽፏል? ማንም ቆመህ ጠብቅ አላለኝም» ሲል መለሰ። የቅዱስ ጳውሎስንም የሩጫ ምሳሌ ጠቀሰልኝ፤ ትምህርተ ክርስቶስን በሚገባ የተከታተለ ልጅ ነው። ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኃጢአት ነው እንዴ አባ?» አለኝ። ወዲያው የምመልሰው ስላልነበረኝ በሌላ እሑድ እንዲመለሱ ነገርኋቸው። ነገሩ ኑዛዜ ስላልነበረ፣ ሁለቱም እንድጽፈው ስለ ፈቀዱልኝ፣ በመካከሉ ባሉት ቀናት ያሰብሁትን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ጥያቄው ከሰፈራችን የሰፋ ነው። ብስክሌት መንዳትን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ ለብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረው የፈረንሳይ ዙር በዛሬው ሥርዓቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ 21 የውድድር ቀናት፣ በጠቅላላው 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለው። ይህን ውድድር ከእግር ሩጫ በእጅጉ የሚለየው ነፋሱ ነው። ብስክሌተኛ በፍጥነት ሲጓዝ አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየሩን በመሰንጠቅ ነው፤ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ግን እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ ተፎካካሪዎች ወደዱም ጠሉም እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ዛሬ ጀርባውን ያዋሰኝ ሰው ነገ ሊያሸንፈኝ የሚሻ ባላጋራዬ ነው።

ከዚህ መፈላለግ የተነሣ በብስክሌተኞቹ ዘንድ ብዙ ያልተጻፈ ወግ ተፈጥሯል። የመሪነቱን ቢጫ ማልያ የለበሰው ለሽንት ሲቆም ማንም ፍጥነት ጨምሮ አያመልጥም። ስንቅ በሚታደልበት ቦታም እንዲሁ። መንገዱ በአንዱ የትውልድ መንደር ሲያልፍ ያ ሰው ቀድሞ ሄዶ ቤተሰቡን እንዲስም ይፈቀድለታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ለድል ከሚፎካከሩት አንዱ ቢወድቅ ወይም ብስክሌቱ ቢበላሽ፣ ሌሎቹ እስኪመለስ ድረስ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህን ጠብቁ ብሎ የሚያስገድድ የተጻፈ ደንብ የለም፤ ያፈረሰውንም ዳኛ አይቀጣውም።

አገራችን ለዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ብስክሌተኞቿ ከሯጮቿ ጋር ተሰልፈዋል። የማይጨው ተወላጅ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 የፈረንሳይን ዙር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በእንዲህ ያለው ውድድር አብዛኛው ብስክሌተኛ የሚደክመው ለራሱ ድል አይደለም፤ ለቡድኑ መሪ ነፋስ ሊከላከል፣ ውኃ ሊያቀብል፣ ሲያስፈልግም የራሱን ጎማ ነቅሎ ሊሰጥ ነው። ስሙ ከሽልማቱ ሰገነት ላይ አይጠራም። ስለዚህ አገልግሎት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ቢጻፍ ይገባው ነበር፤ እኔ ግን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022፣ በፒሬኔ ተራሮች፣ ስፓንዴል ከሚባለው ከፍታ ቁልቁል ሲወርዱ ዴንማርካዊው ዮናስ ቪንገጎር ቢጫውን ማልያ ለብሶ ነበር። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ያሸነፈው ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር በእግር በእግሩ ይከተለዋል። ቪንገጎር ብስክሌቱ ተንቀጥቅጦ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈ፤ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ፖጋቻር ከመንገዱ ዳር ባለው ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ቪንገጎር ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው። ፖጋቻር ሲደርስበት እጁን ዘረጋለት፤ እየነዱ ተጨባበጡ። ከዚያም በዚያው ቀን በኦታካም ዳገት ላይ ቪንገጎር ጥሎት ሄደና አሸነፈ። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ታሪኩን የሚያወሩ ብዙዎች ይተዉታል፤ እኔ ግን ልተወው አልሻም። ቪንገጎር የጠበቀው ሊሸነፍለት አይደለም፤ ሊያሸንፈው ነው። ሊያሸንፍ የፈለገው ግን ፖጋቻርን እንጂ ጠጠሩን አልነበረም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ ያው ፖጋቻር በቱሉዝ ከተማ አቅራቢያ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በድጋሚ ወደቀ፤ ተፎካካሪዎቹም ጠበቁት። በማግስቱ በዚያው በኦታካም ዳገት ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ። ደግነታቸው ምንም ትርፍ አላመጣላቸውም። «መልካም አድርግ፣ ይመለስልሃል» እያሉ የሚሰብኩ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ከልጆቹ ጉዳይ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። ሉክሰምቡርጋዊው አንዲ ሽሌክ ቢጫውን ማልያ ለብሶ በባሌስ ዳገት ላይ ማጥቃት እንደ ጀመረ ሰንሰለቱ ወጣ። ስፔናዊው አልቤርቶ ኮንታዶር አልፎት ገሠገሠ። በዚያ ቀን 39 ሰኮንድ አተረፈ፤ ማልያውንም በ8 ሰኮንድ ብልጫ ወሰደ። ሽልማቱን ሲቀበል ከሕዝቡ መካከል ያፏጩበት ነበሩ፤ በዚያው ምሽትም በቪዲዮ ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ፓሪስ ሲደርሱ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት በትክክል 39 ሰኮንድ ሆኖ ተገኘ። (ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ድሉ ከኮንታዶር ተነጥቆ ለሽሌክ ተሰጥቷል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።)

ለኮንታዶር የሚከራከሩት የሚሉት ከንቱ አይደለም። ማርሽ በወጉ መቀያየር የሙያው ክፍል ነው፤ በጥድፊያ የቀየረ ሰው ሰንሰለቱ ቢወጣበት የራሱ ስሕተት ነው፣ ድንጋይ ከተራራ ተንዶ አልመታውም ይላሉ። ያሸነፈውም ልጅ በራሱ አነጋገር ይህንኑ ነግሮኛል፦ «ካቴናውን ማጥበቅ ነበረበት»።

እዚህ ላይ በዘርዓ ክህነት የተማርሁት ነገር ትዝ ይለኛል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ፍትሕን የሚተረጉመው ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ብሎ ነው። ባላጋራዬ እንድጠብቀው ይገባዋልን? በፍትሕ ሚዛን አይገባውም። ውል አልገባሁለትም፤ የእርሱ የሆነውንም አልወሰድሁበትም። ስለዚህ ያለፈው ልጅ ሌባ አይደለም፤ ገንዘቡም የእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ያው ቅዱስ ቶማስ፣ አርስጣጣሊስን ተከትሎ፣ ርትዕ ስለሚባለው ምግባርም ያስተምራል። ሕግ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለሚያጋጥመው ነገር ነው። አደራ የተቀበልኸውን ሰይፍ ለባለቤቱ መልስ ይላል ሕጉ፤ ባለቤቱ አእምሮው በታወከበት ሰዓት ቢጠይቅህ ግን ቃሉን ይዘህ ዓላማውን ታፈርሳለህ። ርትዕ ማለት የሕጉ ቃል በሚያልቅበት ቦታ የሕጉን ዓላማ መፈለግ ነው። የውድድር ዓላማ ደግሞ ከሁለት ሰዎች የትኛው ይበልጥ ፈጣን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። የወደቀውን ያለፈ ሰው ይህን አላወቀም። ገንዘቡን አግኝቷል፤ የጥያቄውን መልስ ግን አላገኘም። ይመስለኛል ያ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝ ስለዚህ ነው። ባላጋራውን ማሸነፍ አለማሸነፉን ዛሬም አያውቅም።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ከመጻሕፍቱ በፊት ስም አውጥቶለታል። በመንገድ ላይ የማናውቀው ሰው እንቅፋት ሲመታው ሳናስበው «እኔን!» እንላለን። ይህን ቃል ቆም ብሎ ላየው ሰው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ውድቀትህ በእኔ ይሁን ማለት ነው። ልጆች ሳለን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ከእናቶቻችን አፍ ወሰድነው። የደብሩ ልጅ «ሕግ ጥሷል» ሳይሆን «ነውር ሠርቷል» ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ነውር ዳኛ የለውም፤ ሰው በራሱ ዓይንና በሰፈሩ ዓይን ፊት የሚቆምበት ነው። እርግጥ ይህ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በወደቀ ዛፍ ላይ ምሣር ይበዛል የሚለውም የእኛው ተረት ነው። ሁለቱንም እናውቃቸዋለን።

የራሳችንን ሯጮች ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ፣ በአሥር ሺህ ሜትር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው እየሮጡ ወደ ኋላ ይመለከቱ ነበር፤ ፍጥነታቸውንም ቀነሱ። ይጠብቁት የነበረው የቁርጭምጭሚት ጅማቱን ታሞ የነበረውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ነው። ኃይሌ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ አምስተኛ ሆነ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ወጡ። ያንን ውድድር ያየን ሁሉ የዚያን ዕለት ስሜት አንረሳውም። ታናናሾች ታላቃቸውን ጠበቁ። ሆኖም ለወጣቶቻችን እውነቱን መናገር ይገባኛል፦ ያ ፍቅር ያማረ ቢሆንም ገና የመንገዱ እኩሌታ ነው። የሚወዱንን መውደድ ብርቅ እንዳልሆነ ጌታችን በተራራው ስብከት አስተምሮናል። ከኃይሌ ይልቅ ያልተጠበቀ የሌላ አገር ሯጭ ታሞ ቢሆን ኖሮ ማን ወደ ኋላ ይመለከት ነበር? ይህን የምለው ሯጮቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሳሎኔ ተቀምጬ «ጠብቁት፣ ጠብቁት» እያልሁ የጮኽሁት እኔ ነኝና ጥያቄው ለራሴ ነው።

ያልተጻፈን ሕግ ሁሉ ማወደስም አይገባም። ከዚያው ከብስክሌተኞቹ ዓለም የሚያስፈራ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ከመንገድ ወጥቶ የወደቀውን ጀርመናዊውን ያን ኡልሪሽን ጠበቀው። በ2003 አርምስትሮንግ ራሱ የተመልካች ቦርሳ መሪው ላይ ተጠምዶ ሲወድቅ እነ ኡልሪሽ ፍጥነታቸውን ቀነሱለት፤ ዓለምም አጨበጨበ። ነገር ግን በዚያው ጭፍራ መካከል ሌላ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፦ ስለ ተከለከለው መድኃኒት አትናገር። በ1999 ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ባሶን ስለዚህ ጉዳይ በጋዜጣ በመጻፉ ባልደረቦቹ አገለሉት፤ ውድድሩንም አቋርጦ ሄደ። በ2004 ደግሞ ጣሊያናዊው ፊሊፖ ሲሜኦኒ፣ ለብስክሌተኞች መድኃኒት ያዝ በነበረ ሐኪም ላይ በፍርድ ቤት መስክሮ ስለ ነበር፣ ከጭፍራው ሊያመልጥ ሲሞክር ቢጫ ማልያ የለበሰው አርምስትሮንግ ራሱ ተከትሎ አስመለሰው፤ አፉን እንደ ዚፕ የመዝጋት ምልክትም አሳየ። በ2012 ሰባቱም ድሎቹ ተሰረዙበት።

እንግዲህ ያው ሰው፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ አንዱን ያልተጻፈ ሕግ አክብሮ ሌላውን ባልተጻፈ ሕግ ቀጣ። መልካሙን ወግ ከክፉው የምንለየው በምን ነው? እኔ የደረስሁበት ይህ ነው፤ ወጉ የሚጠብቀው ማንን ነው ብሎ መጠየቅ። የቆመው የወደቀውን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ከሆነ መልካም ነው። የወደቀው ስለ ቆሙት እንዳይናገር የሚያስገድድ ከሆነ ግን ይሉኝታ ይባል፣ የወንድማማችነት ምስጢር ይባል፣ ክፉ ነው። ይህ መለኪያ በብስክሌተኞች ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በእኛም በካህናት መካከል ያልተጻፈ ብዙ ነገር አለ።

ዝም ማለት የሚያምርበት ጊዜም ነበር። የፈረንሳይን ዙር በ1938 እና በ1948 ያሸነፈው ጣሊያናዊው ጂኖ ባርታሊ የቀርሜሎስ ሦስተኛ ማኅበር አባል የሆነ ምእመን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ልምምድ የሚያደርግ መስሎ በፍሎረንስና በአሲዚ መካከል እየተመላለሰ፣ ለሚሳደዱ አይሁድ የተዘጋጁ የሐሰት መታወቂያዎችን በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ደብቆ ያደርስ ነበር። ይህን በሕይወት ሳለ ብዙም ሊያወራው አልወደደም፤ ያድ ቫሼም የተባለው ተቋም ጻድቅ ሲል የሰየመው ከሞተ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በ2013 ነው። እርሱና ብርቱ ተፎካካሪው ፋውስቶ ኮፒ በ1952ቱ ዙር ዳገት ላይ ጠርሙስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ የታወቀ ፎቶግራፍ አለ። ጠርሙሱን የሰጠው ማን፣ የተቀበለው ማን እንደ ሆነ ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1949 የብስክሌተኞች ጠባቂ አድርገው የሰየሟት የጊዛሎ እመቤታችን ታውቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አንድ ከባድ ነገር ይቀረኛል፤ የኪራዩ ነገር። ቪንገጎር ባለ ብዙ ደመወዝ ነው፤ ቢጠብቅ የሚጎድለው ክብር እንጂ እንጀራ አይደለም። ለእኛ ልጅ ግን እነዚያ ደቂቃዎች የእናቱ ቤት ነበሩ። ደግነት ያላቸው ሰዎች ቅንጦት ነውን? በዚህ ላይ ሌሊት ተገላብጫለሁ። ኋላ ግን የሰፈራችንን እናቶች ዕቁብ አሰብሁ። ዕጣ የወጣላት ሴት፣ ራሷ ቸግሯት እያለች፣ ኀዘን ወይም ሕመም ለደረሰባት ጎረቤቷ ዕጣዋን ስትለቅላት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ድኻ አይችልም ማለት ድኻን አለማወቅ ነው። ቢሆንም ያልለቀቀችውን ማንም አይከሳትም፤ እኔም ይህን ልጅ አልከሰውም።

ልጆቹ በተቀጠሩበት እሑድ መጡ። ያሸነፈውን «ልጄ፣ ኃጢአት አልሠራህም፤ ገንዘቡንም አትመልስ» አልሁት። ፊቱ አልፈካም። «ሲወድቅ አይተኸው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «መውደቁን ሰማሁ እንጂ ሳልፍ ዞሬ አላየሁትም» አለ። «ለምን?» ብለው «ካየሁት እቆማለሁ ብዬ» አለኝ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ካህን የቆሰለውን አይቶ ነው ያለፈው። ይህ ልጅ ከዚያ ካህን የሚሻል ይመስለኛል፤ ልቡን ስላመነው ዓይኑን ከለከለ። እኔ ግን ከዚያ ካህን አልሻልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅዳሴ ዘግይቼ መኪና ስነዳ፣ ከብስክሌቱ ወድቆ ከመንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው አየሁ። ሌሎች ያነሡታል ብዬ አለፍሁ። ቅዳሴውን በሰዓቱ ጀመርሁ። የዚያ ቀን ወንጌል የትኛው እንደ ነበረ ረስቼዋለሁ፤ የሰውየው ሰማያዊ ሹራብ ግን ትዝ ይለኛል። ይህንኑ ለሁለቱ ልጆች ነገርኋቸው። ሁለቱም ዝም አሉ፤ የደብሩ ልጅ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያሸነፈው ልጅ የባላጋራውን ብስክሌት እየገፋ ወደ ቁምስናው ግቢ ገባ፤ ባለቤቱም ከኋላው ይከተል ነበር። «ካቴናው ረዝሞበት ነው አባ፤ አንድ ቀለበት መቀነስ አለበት። ፒንሳ ይኖርዎታል?» አለኝ። አልነበረኝም፤ ከጎረቤት ተዋስን።